ከአገው ድንች እስከ በለጠ፦ የዘራችን ታሪክ

በማኅበራችን የብድር መዝገብ ላይ ከዓመት ዓመት እያደገ የሚሄድ አንድ ርእስ አለ፤ «ለዘር ድንች መግዣ» ይላል። የማኅበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ይህን ርእስ ከሁሉም ቀድሜ አየዋለሁ። ለጋሾቻችንም ሪፖርታችንን ባነበቡ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀራቸውም፦ «የተሻሻለው ዝርያ ከነባሩ እጥፍ ምርት ይሰጣል ከተባለ፣ አባላቱ ነባሩን ለምን አይተዉትም?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ለመጪው የበልግ ተከላ ብድሩ የሚሰጠው ለተሻሻለ ዘር ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦም በአባላት መካከል ክርክር አስነስቷል። ከመወሰናችን በፊት ነባር የምንለው ድንች ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጎዳውና ማን እዚህ እንዳደረሰው ብናውቅ ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ከስሙ ልጀምር። ዛሬ ድንች ሲባል ሁላችንም የምናስበው በእንጅባራ፣ በትልልና በአዲስ ቅዳም ገበያ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ የሚሸጠውን ነው። እርሱ ሳይመጣ በፊት ግን በዚህ አገር ሌላ ድንች ነበረ። እኛ የአገው ድንች እንለዋለን። በኦሮሞ አካባቢ የኦሮሞ ድንች፣ በወላይታ የወላይታ ድንች ይሉታል። ሁሉም የራሱ አድርጎ ይጠራዋል እንጂ ተክሉ አንድ ነው። ቤተሰቡ የበሶብላ፣ የናናና የጦስኝ ነው፤ ግንዱን በጣት ብትዳስሱት አራት ማዕዘን መሆኑን ታገኙታላችሁ። ሥሩ ሞላላ ሆኖ ጣት ይመስላል። ለመድረስ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላ ግን አፈር ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ለእለት የሚበቃውን ብቻ እየቆፈሩ መብላት ይቻላል።

በገበያ የምናውቀው ድንች ደግሞ የቲማቲም፣ የበርበሬና የትምባሆ ዘመድ ነው። ሁለቱ ድንቾች በስም እንጂ በሥጋ አይዛመዱም። እንግዳው ሲመጣ ስሙን ወሰደ፤ የቀድሞው ባለስም ደግሞ «የአገው» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት ቀረ። ቤቱን ለእንግዳ ለቆ ጓዳ የገባ አባወራ ይመስለኛል። ዛሬ የአገው ድንች የሚገኘው በአንዳንድ ጓሮ ዳር ብቻ ነው። ብዙ ወጣቶቻችን በስም ያውቁታል፤ ቀምሰውት ግን አያውቁም።

የእንግዳው ድንች አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በዛሬዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ፣ ቲቲካካ በሚባለው ሐይቅ ዙሪያ፣ ከእኛ ደጋ እጅግ በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከዱር አውጥተው አላመዱት። አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔኖች እጅ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ደግሞ ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ገደማ ነው። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በደጃዝማች ውቤ ዘመን ትግራይ ውስጥ እንጢጮን እስከማስተዳደር ደርሶ ነበር። የኢትዮጵያን እጽዋት እያደረቀ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ናሙና ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ልኳል። በኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። የሞተውም አድዋ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1878። ከእኛ ብዙ ወስዶ አንድ ነገር ሰጠን፤ የሰጠን ግን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ድንቹ ወዲያው አልተወደደም። ጤፍና ገብስ የለመደ ሰው ከአፈር ተቆፍሮ የሚወጣን ሥር የድሃ ምግብ አድርጎ ማየቱ አይገርምም፤ አውሮፓም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ንቆት ነበር። አስተሳሰቡን የለወጠው መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ በሽታ ገባ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም የአገሪቱን በሬ ጨረሰ። ክፉ ቀን የምንለው፣ ከ1880 ዓ.ም. አንሥቶ ለአራት ዓመት ያህል የቆየው ረኃብ እንዲህ መጣ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ጤፍም ገብስም የለም። ድንች ግን በዶማና በመቆፈሪያ ይተከላል። ሴት ብቻዋን፣ ልጅም ቢሆን፣ በጓሮ መሬት ሊተክለው ይችላል፤ በሦስት ወር ገደማም ይበላል። በደጋው አገር ድንች በስፋት ሥር የያዘው በዚያን ዘመን ነው። ዛሬም ባሏ የሞተባት ወይም በሬ የሌላት አባላችን መጀመሪያ የምትተክለው ድንች መሆኑን ሳይ ያ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ትውልዶች ድንቹ እንግድነቱን ረስቶ ነባር ሆነ፤ ስምም ወጣለት። አተር አበባ፣ ነጭ አበባ፣ አባ አዳሙ፣ አባሎ፣ ስኳሬ፣ ሳሙኔ... ስሞቹን ብቻ ብታዩ ማን እንዳወጣቸው ትገምታላችሁ። አበባውን አይቶ፣ ጣዕሙን ቀምሶ፣ ልጣጩን በእጁ ዳስሶ ስም የሚያወጣ ሰው ዘሩን ከበቀለበት እስከ ድስቱ የሚያውቅ ነው። ባል እርሻውን ሲውልበት ጓሮውን የያዘችው፣ ከአዝመራው ለሽያጭ፣ ለቀለብና ለዘር የምትለየው፣ የዘሩንም ቆጥ የምትጠብቀው ሴቷ ናት። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ሲደረግና በኋላም የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ብዙ ሴቶች ስማቸውን በመሬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። በዘሩ ላይ ግን ደብተር ሳይኖራቸው ከጥንት ጀምሮ ባለቤቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ድንች ጠባይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ገብስና ስንዴ በፍሬያቸው ይዘራሉ። ድንች የሚተከለው ግን በራሱ አካል ነው፤ ከአንድ ድንች የበቀለው ሁሉ ያው ድንች ነው፣ ልጅ ከእናቱ በምንም አይለይም። ስለዚህ አንድ አተር አበባ የተተከለበት ማሳ ሺህ ተክል ቢኖረውም እንደ አንድ ተክል ነው። አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል። እናቱ ይዛው የነበረውንም በሽታ ልጁ ይወርሳል።

ይህ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ዓለም በአየርላንድ አይቷል። የዚያ አገር ድኃ ገበሬ ከሞላ ጎደል በድንች ብቻ ይኖር ነበር፤ አብዛኛውም የሚተክለው ላምፐር የሚባለውን አንድ ዝርያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ገባ። እኛ ብዙ ጊዜ «ምች መታው» ብለን የምናልፈው፣ ቅጠሉን እንደ ተቃጠለ አጥቁሮ ሥሩን የሚያበሰብሰው ያ በሽታ ነው። እስከ 1852 በቆየው ረኃብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በእነዚያ ዓመታት እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደ ውጭ መላኩ አልቆመም ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በዝርያ ላይ ብቻ መጣል እንደማይቻል ለመጠቆም ነው ይህን የጨመርኩት።

በሽታው የሚወደው ቅዝቃዜና እርጥበት ነው። ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሲውል፣ ሙቀቱም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ዘሩ በነፋስና በዝናብ ጠብታ ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል፤ ለምለም የነበረን ማሳ በአንድና በሁለት ሳምንት ጥቁር ያደርገዋል። እስኪ ንገሩኝ፣ የእንጅባራ ክረምት ከዚህ በምን ይለያል? ነባሮቹ ዝርያዎች ይህን በሽታ መቋቋም አልቻሉም። ገበሬው ያደረገው ግን ድንቹን መተው ሳይሆን ወቅቱን መለወጥ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ደጋ ድንች ከክረምት ወጥቶ ወደ በልግና ወደ መስኖ ሄደ። ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ተተክሎ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወጣል። ምርቱ ክረምት ላይ ሊሰጥ ከሚችለው ያንሳል፤ ነገር ግን ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወቅት ይደርሳል። ሰኔንና ሐምሌን ልጆቿን ይዛ የተሻገረች እናት ይህ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለች። በሄክታር በሚሰላ የምርት ሠንጠረዥ ላይ ግን ወሩ አይጻፍም።

አሁን ወደ ምርምሩ ልምጣ። በአገራችን የተደራጀ የድንች ምርምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ከተቋቋመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ከማዕከሉ የሚመጡትን ዘሮች እየተከሉ፣ በየቦታውና በየዓመቱ ከነባሩ ጋር እያወዳደሩ የሚመርጡት ሆለታን የመሰሉ ጣቢያዎች ናቸው። በእኛ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ዘሩ ሲመጣ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። በለጠ የምንለው ዝርያ ሲመጣ የማዕከሉ ምህጻረ ቃል ተቀድሞበት 393371.58 ተብሎ ነበር የተመዘገበው። እኔ ቁጥር ብወድም ይህኛው ለአፍ አይመችም። ፈተናውን ያለፈው ስም ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአዴት የወጣው ዝርያ ዘንገና ተባለ፤ ከእንጅባራ ወደ ትልል ስንሄድ በመንገዱ አጠገብ በምናየው ሐይቃችን ስም ማለት ነው። በ2002 ጃለኔና ጓሳ፣ በ2006 ጉደኔ፣ በ2009 በለጠ ተከተሉ።

ውጤቱን መካድ አይቻልም። በለጠ በምርምር ጣቢያ ከ400 ኩንታል በላይ በሄክታር ሰጥቷል። በገበሬ ማሳ ላይ ከዚህ ቢቀንስም ከነባሩ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በሽታንም ከነባሩ በተሻለ ስለሚቋቋም በክረምት መትከልን እንደገና አስችሏል። ይህን የምለው ለጋሾቻችን ነባሩን ስለምወድ ብቻ የምከራከር እንዳይመስላቸው ነው። ሒሳቡን እንየው።

አንድ ሄክታር ስንዴ ለመዝራት አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ዘር ይበቃል። ለአንድ ሄክታር ድንች ግን 20 ኩንታል ያህል ዘር ያስፈልጋል። በቃዳ ሲመነዘር 5 ኩንታል ነው። እንበልና አንዲት አባል ከአንድ ቃዳ ነባር ድንች 20 ኩንታል አገኘች። ከዚያ ላይ 5 ኩንታሉ ለሚቀጥለው ተከላ መቀመጥ አለበት፤ ከአራት ከረጢት አንዱ ተመልሶ መሬት ይገባል ማለት ነው። ከተሻሻለው 50 ኩንታል ብታገኝ ደግሞ ለዘር የምታስቀምጠው ያው 5 ኩንታል ስለሆነ ከአሥር አንዱ ብቻ ይሆናል። በዚህ በኩል የተሻሻለው በግልጽ ያሸንፋል።

ነገር ግን ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ሳትጠይቅ ሁለት ቁጥር አታወዳድርም፤ የሚወዳደሩት ነገሮች በእውነት እኩል ናቸው? የተሻሻለው ዘር ከተቋም ወይም ከዘር አባዢ ማኅበር ሲመጣ ንጹሕ ነው። ነባሩ ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ኖሯል። እኛ ደግሞ ትልልቁን ለገበያ እናወጣለን፣ መካከለኛውን እንበላለን፣ ጥቃቅኑን ለዘር እናስቀራለን። ይህን የምናደርገው ስለማናውቅ ሳይሆን ትልቁ ስለሚሸጥና ብር ስለሚያስፈልገን ነው። ችግሩ ጥቃቅን ድንች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታመመ ተክል መሆኑ ነው። ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምታቸው ቫይረሶች በዘሩ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ተክሉን አይገድሉትም፣ ግን ከዓመት ዓመት ያቀጭጩታል። ስለዚህ ንጹሕ በለጠን ከደከመ አተር አበባ ጋር አስተያይተን ልዩነቱን ሁሉ ለዝርያው ብንሰጥ፣ የአዲስ መኪናን ዋጋ አርጅቶ ከቆመ መኪና ጋር እንደማወዳደር ነው። የልዩነቱ አንዱ ክፍል የዝርያው ነው፣ ሌላው ክፍል የዘሩ ድካም ነው። በለጠም ቢሆን በእኛ እጅ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቃቅኑ ተመርጦ ቢተከል ያው ድካም ይደርስበታል።

የደከመን ዘር ማደስ እንደሚቻል በኬንያ ታይቷል። ገበሬዎች ድንቹ አበባ ሲይዝ ማሳቸውን ዞረው ጤነኛና ጠንካራ የሆነውን ተክል በእንጨት ምልክት ያደርጉበታል። በአዝመራ ጊዜ ምልክት ያለበትን ለብቻው ቆፍረው ትልቅ ትንሽ ሳይሉ ሁሉንም ለዘር ያስቀራሉ። በተደረገው ሙከራ በዚህ ብቻ ምርታቸው በአማካይ በሲሶ ያህል ጨምሯል። የጠየቀው ዋጋ የእንጨት ችካልና የአንድ ከሰዓት ድካም ነው። የእኛ ደጋም ለዚህ ይመቻል፤ ብርዱ ክሽክሽን ስለሚቀንሰው ዘር እንደ ቆላው ቶሎ አይደክምም። የተመረጠውን ዘር ጨለማ ውስጥ ከማከማቸት ብርሃን በሚገባበት ቆጥ ላይ መደርደርም ተረጋግጧል። በጨለማ ረጅምና ነጭ ቡቃያ የሚያወጣው ድንች በብርሃን አጭርና ጠንካራ አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል። (አረንጓዴ የሆነው ድንች ለዘር እንጂ ለድስት አይሆንም፤ ይመርዛል።)

በሽታ መቋቋም ደግሞ ለዘላለም የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። በሽታውም እንደ ድንቹ ሕይወት አለው፤ ይለወጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ከሜክሲኮ የዱር ድንች የመቋቋም ኃይል ወስደው አዳቅለው ነበር፤ በሽታው ጥቂት ዓመት ቆይቶ አለፈው። መድኃኒቱም ከዚህ አላመለጠም። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው ሪዶሚል የተመሠረተበት ሜታላክሲል የሚባል ኬሚካል ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአየርላንድና በኔዘርላንድ በሽታው ሲለምደው ታይቷል። በእኛም አገር ጃለኔ ሲወጣ በመቋቋሙ የተመሰገነ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ በሌት ብላይት መጠቃት ጀመረ። አዳዲስ ዝርያ በየጊዜው የሚወጣው የቀድሞው ሥራ ከንቱ ስለሆነ አይደለም፤ ሩጫው ስለማያልቅ ነው።

ከዚህም የሚብሰው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ዱሮ ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ሞቃት ቦታዎች ተወስኖ ይታወቅ የነበረው ይህ በሽታ ባለፉት ዓመታት ወደ ደጋው ወጥቷል፤ ያወጣውም ከቦታ ወደ ቦታ የተዘዋወረ የዘር ድንች ነው። ክፋቱ ድንቹ ጤነኛ መስሎ በውስጡ ይዞት መምጣቱ ነው። መሬት ከገባ ለዓመታት ይቆያል፤ መድኃኒት የለውም፤ ቲማቲምና በርበሬንም ይዛመታል። ስለዚህ በብድር ብር ከሩቅ የተገዛ ዘር ምርት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ሊያመጣ ይችላል። ማሳችሁ ላይ ውኃ ሳይጠማው የጠወለገ ድንች ካያችሁ ግንዱን ከሥር ቆርጣችሁ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አስነክታችሁ ያዙት፤ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ ባክቴሪያው ነው። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ንገሩ፤ ከዚያ ማሳ ለጎረቤት ዘር አትስጡ።

በአንድ ነገር ላይ ብቻ መመካት ምን እንደሚያመጣ ለማየት አየርላንድ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው እርሻው ሁሉ ወደ ዲከረንስ ደን ሲለወጥ፣ ከሰሉም ለብዙ ቤት ቆርቆሮና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲሆን አይተናል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዋግ መሰል በሽታ ገብቶ ዛፉን ሲያደርቀው አየን። ከአባላቶቻችን ብድራቸውን ለመመለስ የተቸገሩት አንዳንዶቹ ከዚህ የተነሣ መሆኑን መዝገቡ ያሳያል።

ነባሮቹ ዝርያዎች እስካሁን የቆዩት ለትዝታ አይደለም። ቶሎ ይደርሳሉ፤ የተሻሻሉት አብዛኞቹ አራት ወር ሲጠጉ እነርሱ በሦስት ወር ገደማ ይበላሉ። ዘራቸው ቤት ውስጥ አለ፤ ብድር አይጠይቅም። ቡና ሲፈላ ተቀቅለው ከአዋዜ ጋር ሲቀርቡ የሚመርጣቸው ብዙ ነው፤ ይህን በገበያም ሻጮች ያውቁታል። የጠፋ ዝርያ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የገብስና የስንዴ ፍሬን አድርቆ በብርድ ክፍል ለረጅም ዘመን ያቆያል። ድንችንና የአገው ድንችን ግን እንዲያ ማድረግ አይቻልም፤ በየወቅቱ እየተተከለ የሚኖር ነገር ነው። የአገው ድንችም የእንግዳው ድንች ቤተሰብ ስላልሆነ ሌት ብላይት አይነካውም፤ ዘሩ በእጃችን ካለ የድንቹ ማሳ በጠቆረበት ዓመት የሚቆፈር ነገር ይኖረናል። ይህን ዘር የሚያቆየው የሴቶቻችን ጓሮ ነው፤ ለዚህ ሥራ እስካሁን ማንም አልከፈላቸውም።

እንግዲህ ለብድር ኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ለተሻሻለ ዘር የሚሰጠው ብድር ይቀጥል፤ ሆኖም ተበዳሪዋ መሬቷን በሙሉ በአንድ ዝርያ እንዳትሸፍን በውሉ ላይ ይጻፍ። ዘሩ ሲገዛ ከየት እንደመጣ በደረሰኙ ላይ ይመዝገብ። ከየቀበሌው ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሁለት አባላት በጓሯቸው እኩል ስፋት ባላቸው ሦስት መደቦች ላይ ይትከሉ፦ በአንዱ የተሻሻለውን፣ በአንዱ በልማድ የተቀመጠውን ነባር፣ በአንዱ በችካል የተመረጠውን ነባር። ሦስተኛው መደብ ከሌለ የለጋሾቻችን ጥያቄ ተገቢ መልስ አያገኝም። የምንመዘግበውም ኪሎውን ብቻ አይደለም፤ የተተከለበትንና የተነሣበትን ቀን፣ ስንት ጊዜ መድኃኒት እንደተረጨና ስንት እንደወጣበት፣ በቆጥ ላይ ስንቱ እንደበሰበሰ፣ ገበያ ላይ በስንት እንደተሸጠ ነው። ቅጹን አዘጋጅቻለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው እንዲሞሉላቸው ተደርጎ የተሠራ ነው። ሚዛኑን ከጽሕፈት ቤታችን ተራ በተራ መውሰድ ይቻላል።

ለለጋሾቻችን ደግሞ፦ የዚህ ሙከራ ወጪ ብዙ አይደለም፤ ውጤቱን የምንልክላችሁ ግን ከአንድ ወቅት በኋላ ሳይሆን ከሦስት ወቅት በኋላ ነው። የዘር ድካም በአንድ ዓመት አይታይም።

የአገው ድንች በጓሯችሁ ያላችሁ አባላት ለቀበሌ ተወካያችሁ አስመዝግቡ። ለዚህ ዘር በብር አናበድርም። አንድ ጣሳ የወሰደች ከአዝመራ በኋላ ሁለት ጣሳ ትመልሳለች፤ አንዱ ለሰጠቻት፣ አንዱ ለሚቀጥለዋ ተረኛ። መዝገቡን ከወዲሁ ከፍቼዋለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እስካሁን የአራት ሰዎች ስም አለ።